ክሬዲታችሁ ከተበላሸ፦ ከጎጃም ወደ አሜሪካ ለመጣችሁ ወገኖች

ደብረ ማርቆስ ወይም ቢቸና ላይ ገንዘብ ሊበደር የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋስ ነው። አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ለገበሬው ሲያበድር ሰዎቹን በቡድን አደራጅቶ እርስ በርሳቸው ያዋስሳቸው ነበር። አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አሜሪካ ውስጥ መንደሩን የሚጠይቅ የለም። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን እና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት የግል ድርጅቶች በስማችሁ መዝገብ ይይዛሉ። ባንኩም፣ መኪና የሚሸጥላችሁም፣ ቤት የሚያከራያችሁም የሚያየው እሱን ነው። ከመዝገቡ የሚወጣው ነጥብ ክሬዲት ስኮር ይባላል፤ ፋይኮ በሚባለው በተለመደው የነጥብ አሰጣጥ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል።

አዲስ መጤዎችን በወረቀት ጉዳይ ሳግዝ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ይህን የምጽፈው ለዘመድ ሰርግ ጎጃም መጥቼ ነው፤ እዚህም ከዲሲ፣ ከዴንቨርና ከሲያትል ለእረፍት የመጡ ልጆች ለብቻ ጠርተው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ለብቻ ጠርተው የሚጠይቁበት ምክንያት ይገባኛል። እኛ ዘንድ ያልተከፈለ ዕዳ የቤተሰብ ስም ያጎድፋል። ግን ብዙ ሰው ሲጎዳ ያየሁት ከዕዳው ይልቅ በሐፍረቱ ነው፤ ፖስታው ሳይከፈት ይከማቻል፣ ስልኩ አይነሳም፣ በመጨረሻም «አጸዳልሃለሁ» ለሚል ሰው ብር ይከፈላል። የተበላሸ ክሬዲት ይቃናል። በራሳችሁ እጅ፣ ለማንም ሳትከፍሉ ይቃናል። ጊዜ ግን ይፈልጋል።

መጀመሪያ መዝገቡን አውጥታችሁ እዩ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በሚባለው ድረ ገጽ ከሦስቱም ድርጅቶች በየሳምንቱ በነፃ ማውጣት ይቻላል። ኢንተርኔት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በ1-877-322-8228 ደውላችሁ በፖስታ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። ስሙን የሚያስመስሉና የክሬዲት ካርድ ቁጥር የሚጠይቁ ሌሎች ድረ ገጾች ስላሉ ተጠንቀቁ። የራሳችሁን ሪፖርት ማየት ነጥብ አይቀንስም። ሦስቱንም ማውጣት ያለባችሁ አንዱ ጋ ያለው ስህተት ሌላው ጋ ላይኖር ስለሚችል ነው።

ሪፖርቱን ስታነቡ ከዕዳው በፊት ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን ተመልከቱ። የእኛ ሰው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ገብረ ማርያም ወይም ኃይለ ሥላሴ በፓስፖርት ላይ አንድ ቃል ሆኖ፣ የመንግሥት መለያ ቁጥር ባለበት በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ ሁለት ቃል ሆኖ፣ በባንክ ደግሞ «ገብረ» ብቻ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል። ዓለሙ አበበና አበበ ዓለሙ በሞሉበት አገር የሁለት ሰዎች መዝገብ ይቀላቀልና የማታውቁት ሰው ዕዳ በእናንተ ስም ይመጣል፤ ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኼ ነው። የልደት ቀን ላይም እንዲሁ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈው ሳይለወጥ ገብቶ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። ገና ባሕር ዳር ወይም ቡሬ ሆናችሁ ቪዛ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ የፓስፖርታችሁን ፊደል አንድ በአንድ ይዛችሁ በየቅጹ ላይ ያንኑ ጻፉ።

ስህተት ካገኛችሁ ስህተቱ ለታየበት ለእያንዳንዱ ድርጅት ዲስፒዩት፣ ማለትም ይታረምልኝ የሚል አቤቱታ፣ አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያጣራ ያስገድደዋል፤ ማረጋገጥ ያልቻለውንም መሰረዝ አለበት። በኢንተርኔት ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን ነገሩ ከበድ ሲል የመድረሻ ማረጋገጫ ያለው የአደራ ደብዳቤ እመርጣለሁ፤ ማስረጃው እጃችሁ ላይ ይቀራል። የማስረጃውን ኮፒ እንጂ ዋናውን አትላኩ። ለዲስፒዩቱ ምክንያት የሆነውን ዕዳ ላስመዘገበው ባንክ ወይም ኩባንያም በተጨማሪ ጻፉ፤ ያለዚያ ተሰርዞ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

እውነተኛ ዕዳ ሲሆን መንገዱ ሌላ ነው። በጊዜው ያልተከፈለ ሂሳብ ለክሬዲት ድርጅቶቹ የሚነገረው 30 ቀን ካለፈው በኋላ ነው። አሥር ቀን የዘገየ ሰው የቅጣት ክፍያ ይከፍላል እንጂ መዝገቡ አይጠቁርም፤ ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። መክፈል እንደማትችሉ ስታውቁ ቀኑ ሳይደርስ ለባንኩ ደውሉና ችግር ለገጠመው ሰው ያለውን የክፍያ ማቅለያ ጠይቁ። ያለፈና የተመዘገበ ጥፋት ከሆነ፣ እውነት እስከሆነ ድረስ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው በፍርድ ቤት የሚያስመዘግበው፣ ቻፕተር 7 የሚባለው ኪሳራ ደግሞ አሥር ዓመት። ክብደቱ ግን ከዓመት ዓመት እየቀለለ ይሄዳል። ሰባት ዓመት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከዛሬ ጀምሮ በሰዓቱ የሚከፈል እያንዳንዱ ሂሳብ ይቆጠራል። በፋይኮ አሠራር ከነጥቡ 35 በመቶ የሚሆነው የአከፋፈል ታሪካችሁ ነውና።

ያልተከፈለ ዕዳ ከሚያስከፍል፣ ኮሌክሽን ከሚባል ድርጅት ደብዳቤ ሲመጣ ወዲያው አትክፈሉ፤ ዝምም አትበሉ። የዕዳውን ዝርዝር ካሳወቋችሁ በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ «ዕዳው የእኔ መሆኑን አረጋግጡልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እስኪያረጋግጡ ድረስ ማስከፈላቸውን ማቆም አለባቸው። «ፖሊስ እንልካለን» የሚል ደዋይ ሕግ እየጣሰ ነው። በክሬዲት ካርድ ዕዳ ሰው አይታሰርም፣ ዳንግላ ያሉ ወላጆቻችሁም አይጠየቁም። በጣም ያረጀ ዕዳ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ፦ በብዙ ስቴቶች ትንሽ ገንዘብ እንኳ መክፈል ለክስ የተቀመጠውን የይርጋ ጊዜ እንደገና ሊያስጀምረው ይችላል። ከፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሳችሁ ደግሞ የግድ መልስ ስጡ፤ ካልቀረባችሁ በሌላችሁበት ይፈረድና ደሞዛችሁ ሊቆረጥ ይችላል።

የሆስፒታል ዕዳ ለብቻው መታየት አለበት። ሦስቱ ድርጅቶች ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን ከመዝገብ አውጥተዋል፤ የተከፈለውም አይታይም፤ ያልተከፈለው የሚታየው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ታካሚዎች የእርዳታ ፖሊሲ እንዲኖራቸው ሕግ ያዛል። ማመልከቻውን ከሆስፒታሉ ከወጣችሁ በኋላ ከመጣው የመጀመሪያ ቢል ጀምሮ ቢያንስ 240 ቀን ይቀበላሉ። አዲስ መጤ ስለሆናችሁና ገቢያችሁ ትንሽ ስለሆነ ዕዳው በከፊል ወይም በሙሉ ሊነሳላችሁ ይችላል። ይህን ሳያውቁ በካርድ እየከፈሉ ወለድ ውስጥ የገቡ ስንት ሰዎች አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ነጥቡን ለማንሳት ፈጥኖ የሚሠራው የካርዱን ዕዳ ዝቅ ማድረግ ነው። የዕዳ መጠን ከነጥቡ 30 በመቶውን ይይዛል። የ1,000 ዶላር ካርድ ላይ 900 ዶላር ካለ ምንም እንኳ በሰዓቱ ብትከፍሉ ነጥቡ ይወርዳል፤ ከ300 በታች አድርጉት፣ ከዚያም ብታወርዱት የተሻለ ነው። ካርድ የሚሰጣችሁ ከጠፋ ሰኪዩርድ ካርድ ጠይቁ፦ አብዛኛውን ጊዜ 200 ዶላር አካባቢ መያዣ ታስቀምጣላችሁ፣ ገደቡም ያን ያህል ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት ለሦስቱም ድርጅቶች እንደሚያሳውቁ አረጋግጡ፤ ካላሳወቁ ጥቅም የለውም። ዓመታዊ ክፍያ የሌለበትን የቆየ ካርድ አትዝጉ። በአንድ ወር አምስት ቦታ ብድር አትጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆችም ጭምር መናገር እፈልጋለሁ። ለቤተሰብ የሚላከውን ብር በክሬዲት ካርድ አትላኩ። ብዙ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል፤ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ፍኖተ ሰላም ያለች እናት ልጇ ለፋሲካ የላከላት ገንዘብ ከደሞዙ ይሁን ከዕዳ አታውቅም፤ ብታውቅ «ተወው ልጄ» ነበር የምትለው። በየወሩ ትንሽ፣ ከደሞዝ፣ በተወሰነ ቀን መላክ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ኮሳይን፣ ማለትም በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም ነው። አንድ ወረዳ ልጅ ነን፣ አብረን ቄስ ትምህርት ቤት ገብተናል፣ መኪና ልገዛ ነው ፈርምልኝ ሲል እምቢ ማለት ይሉኝታ ያስይዛል። ግን አሜሪካ ውስጥ የፈረመ ሰው እንደ ሁለተኛ ምስክር አይታይም፤ ተበዳሪው ራሱ ነው። አበዳሪው በብዙ ስቴቶች መጀመሪያ ጓደኛችሁን ሳይጠይቅ እናንተን ማስከፈል ይችላል፣ የእሱ መዘግየትም በእናንተ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ፈርማችሁ ከሆነ ሂሳቡን በኢንተርኔት የምታዩበትን መንገድ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ወሩ ሊያልፍ ሲል ክፈሉና ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ። ጉዳዩን በሽማግሌ መጨረስ የእኛ ጥሩ ወግ ነው፤ ሁለታችሁን ያስታርቃል፣ ገንዘቡንም ያስመልስ ይሆናል። የክሬዲት ድርጅቱ ግን የሽማግሌ እርቅ አይቀበልምና መዝገቡ እንዳይበላሽ መቅደም አለባችሁ። ጓደኛችሁ የአከፋፈል ታሪኩ ሲሻሻል ብድሩን በራሱ ስም ብቻ እንዲያዞረው ጠይቁት።

«ክሬዲት አጸዳለሁ» የሚሉትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሥራውን ሳይጨርሱ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ የተፈረመውንም ውል በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት ማፍረስ ትችላላችሁ። እውነተኛ ጥፋትን ማንም በገንዘብ አይሰርዝም። በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ ፋንታ አዲስ ቁጥር እንሰጣችኋለን የሚሏችሁን አትስሙ፤ ወንጀል ነው፣ ለስደተኛ ደግሞ መዘዙ ይከፋል። ምክር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የክሬዲት አማካሪዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ውይይት ብዙ ጊዜ ነፃ ነው።

ለጥር ሰርግ ወይም ለቤተሰብ ጥየቃ ወደ ጎጃም ስትመጡ ሂሳቦቻችሁን ሁሉ ከመነሳታችሁ በፊት በቀኑ በራሱ በሚከፈልበት አውቶፔይ ላይ አድርጉ፤ በባንኩም በቂ ገንዘብ ተዉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ እዚህ ሆኖ የካርዱን ሂሳብ መክፈል ያልቻለ ሰው ነበር። ፖስታ ቤታችሁም ደብዳቤዎቻችሁን እስክትመለሱ እንዲይዝላችሁ ጠይቁ። አዲስ ብድር የማትፈልጉ ከሆነ መዝገባችሁን በሦስቱም ድርጅቶች ዘንድ ፍሪዝ አስደርጉ፣ ማለትም አዘጉት፤ ነፃ ነው፣ በእናንተ ስም ሌላ ሰው ካርድ እንዳያወጣ ይረዳል፤ ስትመለሱ ታስከፍቱታላችሁ።