በጋራ የክፍል ኮምፒውተር ላይ ጊዜያዊ የሊኑክስ አካውንት ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በዳንግላ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጠዋት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይተላለፋል። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ደግሞ ያ ማሽን ብዙውን ጊዜ ሊደርስበት የሚችለው ብቸኛ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት) በተጫነበት ማሽን ላይ ጊዜያዊ አካውንት የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መጠበቅ አለበት፤ አንዱ ተማሪ የተወው መረጃ ለሚቀጥለው እንዳይታይ፣ የለፋበት ሥራም ሳያስበው እንዳይጠፋበት። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአመዛኙ አንዱን ብቻ አስቦ ሌላውን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ተማሪዎች ሁሉ በአስተዳዳሪው አካውንት እንዲገቡ ማድረግ ነው። ኡቡንቱም ሆነ ሊኑክስ ሚንት የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲጫን መጀመሪያ የሚፈጠረው አካውንት የሱዶ ሥልጣን (በአስተዳዳሪነት የማዘዝ መብት) ስላለው፣ ፓስወርዱን ያወቀ ልጅ ፕሮግራም ማጥፋትም ፓስወርዱን መለወጥም ይችላል። ያ አካውንት የመምህሩ ብቻ ይሁን፤ የተማሪው ከሱዶ ቡድን ውጭ ይከፈት።

ሁለተኛው ስህተት የእንግዳ አካውንት (ያለ ፓስወርድ የሚገባበት ጊዜያዊ አካውንት) በሁሉም የሊኑክስ ዓይነት ላይ አለ፣ ካለም የተከለለ ነው ብሎ ማመን ነው። ኡቡንቱ ላይትዲኤም በተባለው የመግቢያ ፕሮግራም አማካይነት ይህን አገልግሎት ይሰጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ እንግዳውን ከሌሎች ፋይሎች የሚያግደው አጥር ከ16.10 እትም ጀምሮ እንደማይሠራ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ2017 አገልግሎቱ እንዲዘጋ ተደረገ፤ 17.10 ላይ የመግቢያ ፕሮግራሙ ወደ ጂዲኤም ሲለወጥም ጭራሹን ቀረ። በሊኑክስ ሚንት ላይ በመግቢያ መስኮቱ ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል፤ አጥር አለው ብሎ መተማመን ግን አይገባም። ከ21.04 በፊት በነበሩት የኡቡንቱ እትሞች አዲስ የተጠቃሚ ፎልደር የሚፈጠረው 755 በሆነ ፈቃድ (ማን ፎልደሩን መክፈት እንደሚችል በሚወስን ቁጥር) ስለነበር ሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ውስጡን ማንበብ ይችላል። መምህሩ የፈተና ጥያቄውን ዴስክቶፑ ላይ ካስቀመጠ፣ በእንግዳነት የገባ ተማሪ የተጠቃሚዎች ፎልደሮች ሁሉ የሚገኙበትን ሆም የሚለውን ፎልደር ከፍቶ ያነበዋል። እትሙን ማሳደግ ቀድሞ የተፈጠረውን ፎልደር አይለውጠውም፤ ፈቃዱን በእጅ ወደ 700፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ ወደሚከፍተው፣ መቀየር ያስፈልጋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን የማጽዳቱን ሥራ ተማሪው ሎግ አውት በሚያደርግበት (ከአካውንቱ በሚወጣበት) ቅጽበት ላይ ብቻ ማንጠልጠል ነው። ሲታሰብ ትክክል ይመስላል፤ ተማሪው ሲወጣ ስክሪፕቱ (በራሱ የሚሠራ የትእዛዝ ዝርዝር) ፎልደሩን ይደመስሳል፣ ተከታዩም ንጹሕ ዴስክቶፕ ያገኛል። ነገር ግን በእኛ አካባቢ ክፍለ ጊዜው በሎግ አውት ሳይሆን በመብራት መጥፋት የሚያበቃበት ቀን ጥቂት አይደለም። መብራት ድርግም ሲል ስክሪፕቱ አይሠራም፤ መብራቱ ሲመለስ የተቀመጠው ሌላ ልጅ ፋየርፎክስን ከፍቶ የቀዳሚውን ቴሌግራም እንደተከፈተ ያገኘዋል። ስለዚህ ማጽዳቱ ተማሪ በገባ ቁጥር፣ ዴስክቶፑ ከመታየቱ በፊት መከናወን አለበት።

የላይትዲኤም እንግዳ አካውንት ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ ፎልደሩ የሚቀመጠው ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ውስጥ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሆኖም ክፍለ ጊዜውን ሙሉ የተጻፈው ሪፖርትም አብሮ ይጠፋል። ከዚህም ሌላ ፎልደሩ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ሊይዝ ስለሚችል፣ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ትልልቅ ቪዲዮዎች ያወረደ ተማሪ ኮምፒውተሩን በጣም ያዘገየዋል። መብራት በሚቆራረጥበትና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) በሌለበት ክፍል እኔ የምመርጠው «ተማሪ» የሚባል ተራ አካውንት ከፍቶ፣ ፎልደሩን በየመግቢያው አስቀድሞ ከተዘጋጀ ንጹሕ ናሙና ማደስ ነው። ሲታደስም ሁሉም በአንድ ዓይን መታየት የለበትም። የብሮውዘሩ መረጃ ወዲያውኑ ይደምሰስ፤ የሰነዶች ፎልደር ግን ቀንና ሰዓት ተጽፎበት መምህሩ ብቻ ወደሚከፍተው ቦታ ይዛወርና ከሳምንት በኋላ ይጥፋ። መብራት የቀደመው ልጅ በማግሥቱ መጥቶ «መምህር፣ ሥራዬ ጠፋብኝ» ሲል ፈልጎ መስጠት የሚቻለው እንዲህ ከተደረገ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። በኡቡንቱ 22.04ና ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞች ፋየርፎክስ የሚመጣው ስናፕ በተባለው የፕሮግራም መጫኛ ዘዴ ስለሆነ መረጃው የሚቀመጠው በስናፕ ፎልደር ሥር ነው፤ የቀድሞውን የሞዚላ ፎልደር ብቻ የሚደመስስ ስክሪፕት ያለ ስህተት መልእክት ይሠራል፣ ግን የሚያጸዳው ነገር የለም። ስክሪፕቱ በሩት (ሁሉን በሚችለው የሲስተሙ አካውንት) ሥልጣን ስለሚሠራም የሚደመሰሰው ፎልደር ሙሉ አድራሻ በቀጥታ ይጻፍበት፤ አለዚያ የተጠቃሚው ስም ባዶ ሆኖ የመጣ ቀን የመምህሩን ጨምሮ መላውን የሆም ፎልደር ጠርጎ ይወስዳል።

ተማሪው ሥራውን በፍላሽ ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ሊኑክስ ግን ፋይሉን ራም ውስጥ ይዞ ቆይቶ ስለሚጽፈው፣ የመቅዳቱ መስኮት ተዘጋ ብሎ ፍላሹን መንቀል ጎዶሎ ፋይል ሊያስከትል ይችላል። ፍላሹን መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ኢጀክት (አስወጣ) በሚለው ትእዛዝ አስወጥቶ ከዚያ መንቀልን ከመጀመሪያው ትምህርት ጋር ማስተማር ይገባል።

አማርኛን መርሳትም የተለመደ ስህተት ነው። መምህሩ በራሱ አካውንት አይባስ የተባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም አስተካክሎ የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደላት እየመታ መጻፍ ስለቻለ ተማሪውም የሚችል ይመስለዋል፤ ኪቦርዱ ግን የየአካውንቱ ቅንብር ነው። ስኬል የተባለው የሲስተሙ ናሙና ፎልደርም የሚገለበጠው አካውንቱ በሚፈጠርበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በኋላ ቢታረም ወደ ነባሩ አካውንት አይደርስም። ትክክለኛው መንገድ በ«ተማሪ» አካውንት ገብቶ ኪቦርዱን ማስተካከል፣ ጥቂት የአማርኛ መስመሮችን ጽፎ መሞከር፣ ከዚያም ያንን ፎልደር ናሙና አድርጎ መያዝ ነው።

የቀረው ስህተት የዘመን አቆጣጠርን የሚመለከት ነው። አካውንቱ በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ እንዲዘጋ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ታስቦ 2018-10-30 ተብሎ ከተጻፈ፣ ሊኑክስ የሚያነበው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ አካውንቱ በተፈጠረበት ዕለት ጊዜው ያለፈበት ይሆናል፤ መጻፍ ያለበት 2026-07-07 ነው። ቀኑ ሲደርስም የሚዘጋው መግቢያው ብቻ ነው፤ ፋይሎቹን ማጥፋት የተለየ ሥራ ነው። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ደግሞ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ባትሪ ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኢንተርኔት ካለ ሰዓቱ በራሱ ሊታረም ይችላል፣ ከሌለ ግን የአካውንቱ ማብቂያም ሆነ በሰነዶቹ ፎልደር ላይ የሚጻፈው ቀን የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ አካውንቱን ከመክፈት በፊት በየማሽኑ ላይ ያለውን ሰዓት ማየትና ባትሪውን፣ በብዛት ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ፣ መቀየር ያስፈልጋል።