ጠንካራ የቆየ የካሪቢያን ሩም አቀማመስ (ውሃውን እንዳትረሱ)

ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት ውሃ አዘጋጁ፣ ክሎሪን የማይሸት ውሃ፣ ከተገኘ ደግሞ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወይም የመድሃኒት ማንጠባጠቢያ። እዚህ ጋ የማወራው 40 ፐርሰንት አልኮል ስላለው የተለመደ ሩም (ከሸንኮራ አገዳ የሚነጠረው መጠጥ) ሳይሆን ከበርሜል እንደወጣ ውሃ ሳይገባበት ወይ ትንሽ ብቻ ገብቶበት ስለሚታሸገው፣ 55 ምናምን 60፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ስለሚሆነው ነው። እሱን "ውሃ ከነካው ተበላሸ" እያሉ እያለቀሱ መጠጣት ለኔ ጉራ ነው። ጠንክሮ የታሸገው ምን ያህል እንደሚቀጥን እናንተው እንድትወስኑ ነው።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፣ ግሌንኬርን የሚባለው አሪፍ ነው። 20 ሚሊ ቅዱ፣ ይበቃል። ባለ 60 ፐርሰንቱ 20 ሚሊ ማለት 12 ሚሊ ንጹህ አልኮል ነው፣ በ4 ፐርሰንት ቢራ ሂሳብ 300 ሚሊ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ስለሚመስል አትሸወዱ። ከቀዳችሁ በኋላ 15 ወይ 20 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተዉት። እንደ ወይን እያሽከረከሩ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፣ አልኮሉን ነው አፍንጫችሁ ላይ የምታስነሱት።

ስታሸቱ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ እንዳትከቱ! ከአገጫችሁ አካባቢ ጀምሩና አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አምጡት፣ ሽታው መምጣት የጀመረበት ቦታ ላይ ቁሙ። ካቃጠላችሁ ቀርባችኋል ማለት ነው። አንዴ በሃይል ከሳባችሁት አፍንጫ ይደነዝዝና ለተወሰነ ደቂቃ ምንም አይሸታችሁም፣ ያኔ ራቅ ብሎ ንጹህ አየር መሳብ ነው።

አሁን ምን ይሸታል ወደሚለው እንምጣ፣ እዚህ ጋ ሩሙ የት እንደተሰራ ማወቅ በጣም ይረዳል። ጃማይካ ትሬላውኒ ውስጥ ያለው ሃምፕደን የሚባለው የሩም ፋብሪካ የተፈጥሮ እርሾ ነው የሚጠቀመው፣ ሞላሰሱን (ስኳር ሲመረት የሚተርፈውን ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ረጅም ጊዜ ያብላላዋል፣ ካለፈው ማንጠር የተረፈውን አተላም ይጨምርበታል። ከዛ ሁሉ አሲድና አልኮል ኤስተር የሚባለው ነገር ይወጣል፣ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ፣ አናናስ፣ ማስቲሽ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አንዳንዴም የወይራ ፍሬ የተዘፈዘፈበት ጨዋማ ውሃ የሚሸተው ከሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሸት ሰው ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይችላል፣ አልተበላሸም፣ ሆን ተብሎ ነው። ሌብሉ ላይ ኦደብሊውኤች ወይም ዲኦኬ የሚሉ ፊደሎች ካያችሁ የኤስተሩን መጠን ነው የሚናገሩት፣ ኦደብሊውኤች ዝቅተኛው ነው፣ ዲኦኬ ደግሞ በ100 ሊትር ንጹህ አልኮል እስከ 1600 ግራም ይደርሳል፣ እውነቱን ለመናገር እሱ ለብቻው ለመጠጥ ሳይሆን ለማጣፈጫ ነበር የሚሰራው።

ባርባዶስ ሌላ ዓለም ነው። ፎርስኩዌር የሚባለው ፋብሪካ በመዳብ ጋን (ፖት ስቲል) የወጣውንና በኮለም ስቲል (እንደ ምሰሶ በቆመ ማንጠሪያ) የወጣውን እያዋሃደ ያስረጃል፣ እዛ እንጨቱ ነው የሚናገረው፣ ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ ቅርንፉድ፣ ደረቅ ፍራፍሬ። ጉያና ደግሞ ዳይመንድ ዲስትለሪ ውስጥ እስከዛሬ የሚሰሩ ከእንጨት የተሰሩ ማንጠሪያዎች አሉ፣ ፖርት ሞራንት ከሚባለው ማንጠሪያ የወጣውን ካገኛችሁ እንስላል የሚመስል ነገርና የተቀረጸ እርሳስ ፈልጉበት። ማርቲኒክ ከሞላሰስ ሳይሆን ከአገዳው ጭማቂ ነው የሚሰሩት፣ ከ1996 ጀምሮ በፈረንሳይ የአመራረት ህግ የተጠበቀ ነው፣ ቢያረጅም የሳር ሽታው ከስሩ አለ። በአንድ ቀን ሁለት ሶስት የምትቀምሱ ከሆነ ባርባዶስን አስቀድሙ፣ ጃማይካ መጨረሻ ይሁን፣ እሱ አንዴ ምላስ ላይ ከተቀመጠ ከኋላው የመጣ ሁሉ ውሃ ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያዋ ጎንጨት ለምላስ ማለማመጃ ናት፣ ከንፈር የማርጠብ ያህል፣ በሷ ምንም አትፍረዱ። ሁለተኛዋን ያዝ አድርጓት፣ ምላስ ስርና ጉንጭ ጋ አዳርሱና 10 ሰከንድ ያህል ቆይታችሁ ዋጡ፣ ከዛ አፍ ዘግቶ በአፍንጫ መተንፈስ። ግማሹ ጣዕም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ቶሎ ብሎ ውሃ ስለሚጠጣበት ያመልጠዋል።

ከዛ ነው ውሃው። 20 ሚሊ ባለ 60 ላይ 4 ሚሊ ውሃ ስትጨምሩ 50 ፐርሰንት አካባቢ ይወርዳል፣ ወደ 7 ሚሊ ከሆነ 45። ግን በአንዴ አትድፉት፣ ግማሽ ሚሊ ጨምሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ አሽትቱ፣ ቅመሱ፣ እንደገና። የሆነ ቦታ ላይ ማቃጠሉ ይተውና ፍራፍሬው ብቅ ይላል፣ እዛ ጋ አቁሙ፣ ካለፈ መመለሻ የለውም። ሲደፈርስ ብታዩ አትደንግጡ፣ በቅዝቃዜ ያልተጣራ ሩም ሲቀጥን ዘይቱና ሌላው ነገር ስለሚወጣ ነው። በረዶ ግን ለቅምሻ አልመክርም፣ ሽታውን ይዘጋዋል።

ስትገዙ ዕድሜውን በጥንቃቄ አንብቡ። በጃማይካና በባርባዶስ ሩም ላይ 12 ዓመት ካለ ከተዋሃዱት ውስጥ ትንሹ 12 ነው ማለት ነው፣ ሶሌራ (የተለያየ ዕድሜ ያለውን ሩም በየደረጃው እያቀላቀሉ የማስረጀት ዘዴ) ብሎ 23 የሚጽፍ ጠርሙስ ላይ ያለው ቁጥር ግን እንደዛ ላይሆን ይችላል። የት እንዳረጀም ፈልጉ፣ በካሪቢያን ሙቀት በዓመት 6 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ከበርሜሉ ይተናል፣ ቀዝቃዛው አውሮፓ ውስጥ 2 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ እዛው ደሴቱ ላይ 10 ዓመት የቆየው አውሮፓ ከቆየው እኩያው በእንጨት በጣም ይበልጣል። ስኳርም አለ፣ የአውሮፓ ህብረት ሩም ላይ በሊትር እስከ 20 ግራም ይፈቅዳል፣ በጣም ለስላሳ ነው ተብሎ የሚሞካሸው ሩም ለስላሳነቱ አንዳንዴ ከዚሁ ነው።

የተረፈውን ጠርሙስ አቁማችሁ አስቀምጡ፣ ጠንካራ አልኮል ቡሹን ይበላዋል፣ ጸሃይም አያግኘው። ከሲሶ በታች ሲደርስ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡት ወይ ጓደኛ ጥሩና ጨርሱት፣ መኪና ይዞ የመጣ ግን አሽቶ ብቻ ይሂድ።