ማዕበሉ ለምን እምቢ አለኝ? ከአሽዶድ አሸዋ ላይ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እስራኤል፣ አሽዶድ ባሕር ዳር ማዕበል ልጋልብ (ሰርፊንግ) ገባሁ፤ ቦርድ ላይ ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ፣ ማዕበሉ ሲገፋ መቆም ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንቦጫረቅ ቆይቼ አንድም ማዕበል ሳልይዝ ወጣሁ። "እኔ ነኝ የማልረባው" አልኩ። ፎጣዬን ለብሼ ቁጭ ብዬ ሳየው ግን የዚያን ቀን ማዕበል ማንም አልያዘውም። አሸዋማ ባሕር ላይ ግማሹ ጥፋት የአሸዋውና የነፋሱ ነው።

ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር ባንዴ ይደረመሳል

የብዙ ሰው ምሬት ይሄ ነው። ማዕበል የሚሰበረው ውሃው ሲሳሳ ነው። ከሥር ያለው የአሸዋ ጉብታ እንደ መደብ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ፣ ማዕበሉ እኩል ይነካውና እኩል ይወድቃል። ማምለጫ ጎን የለም። ጉብታው የተቆራረጠ ከሆነ ግን መሰበሩ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ወደ ጎን ይሄዳል። የሚጋለበው እሱ ነው።

መፍትሄው፦ ቦርዱን አስቀምጡና ሩብ ሰዓት ተመልከቱ። ነጩ አረፋ የት ይጀምራል? የት ይቆማል? አንዳንዴ 200 ሜትር ራመድ ማለት ይበቃል። ባለፈው ሳምንት ያማረውን ቦታ አትመኑ፤ አንድ ሌሊት ባሕሩ ከተቆጣ አሸዋውን ጠርጎ ሌላ ቦታ ይከምረዋል። ጀማሪ ግን ምንም አይቀርበትም። ወገብ ድረስ ባለው ውሃ፣ በተሰበረው አረፋ ላይ መቆም ይለማመድ።

ትንበያው 1.5 ሜትር ይላል፣ ባሕሩ ግን ዝብርቅርቅ ነው

ቁመቱን ብቻ አይታችኋል። በአንዱ ማዕበልና በሚቀጥለው መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለ እዩ። ሜዲትራንያን እንደ ውቅያኖስ ሰፊ ስላልሆነ 5 ወይም 6 ሰከንድ የተለመደ ነው፤ ሰከንዱ ሲያንስ ባሕሩ ይዘበራረቃል፣ ሲበዛ ይስተካከላል። 8 ካያችሁ ከሥራ ቅሩ (ግማሹ ቀልድ ነው)። ቀጥሎ ነፋሱን። ከባሕሩ ሲነፍስ ሁሉን ያፈርሳል፤ ከምሥራቅ፣ ከየብስ ሲመጣ የማዕበሉን ፊት ያቀናዋል። ጎህ ሳይቀድ የምንሮጠው ለዚህ ነው። የውሃውን መሙላትና መጉደል ሰበብ አታድርጉ፤ እዚህ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም።

የቦርዱ አፍንጫ ይሰምጣል

ወይ በጣም ወደ ፊት ተኝታችኋል፣ ወይ ዘግይታችሁ ተነስታችኋል። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ፤ መቅዘፉንም ቀደም አድርጉ።

ብቀዝፍ ብቀዝፍ ማዕበሉን አልፌ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ወይም ሳልፈልግ ከዳር እየራቅኩ ነው

ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው። ዳር የደረሰው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ይፈልጋል። በጉብታዎቹ መካከል ወይም የድንጋዩን ግድብ ታክኮ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ጠቆር ያለ፣ ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ መስመር ይመስላል። ጀማሪ "ይሄ ይሻላል" ብሎ የሚገባው እዚያ ነው! ልምድ ያለው ግን ወደ ውስጥ ለመሻገር እንደ ሊፍት ይጠቀምበታል።

ከወሰዳችሁ ቦርዱን አትልቀቁ። ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ጉልበታችሁን ይጨርሳል። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ቅዘፉ። አረፋ ያለበት ስትደርሱ ማዕበሉ ራሱ ይገፋችኋል። ከደከማችሁ ቦርዱ ላይ ተኝታችሁ እጃችሁን አውለብልቡ።

እጁን የሚያይ ሰው ግን ሁሌ የለም። ጥሩው ማዕበል የሚመጣው በዝናቡ ወራት ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙ ዳርቻ ላይ የጠባቂዎቹ ማማ ባዶ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትግቡ። ጠባቂ ባለበት ጊዜ ነጭ ባንዲራ ግቡ ማለት ነው፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው። ጥቁር ከተሰቀለ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ ቦርዱን መኪናው ላይ መልሳችሁ እሰሩ።