የሐሰት ሕመም የሚታመምን ሰው እንዴት እንረዳው?

የምትወዱት ሰው ሆስፒታል ይመላለሳል። ምርመራው ምንም አያሳይም። አንድ ቀን በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ቴርሞሜትሩን ትኩስ ሻይ ውስጥ ሲነክር ታገኙታላችሁ። «ለካስ ሲያታልለን ነው የከረመው!» ትላላችሁ። ብትናደዱ አይፈረድባችሁም። ግን ይህ ራሱ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር በ1951 እ.ኤ.አ. «ሙንቻውዘን ሲንድረም» ብሎ ጠራው፤ በተጋነነ የጀብዱ ወሬ በሚታወቅ ጀርመናዊ ባሮን ስም። እኔ ስያሜውን አልወደውም፤ የተጎዳን ሰው ከወሬኛ ጋር ያስተካክላል። ዛሬ ሐኪሞች «ፋክቲሸስ ዲስኦርደር» ይሉታል።

መጀመሪያ ከሚመስሉት ነገሮች ለዩት። ለሕመም ፈቃድ ወይም ለካሳ ብሎ አመመኝ የሚል አለ፤ ያ የአእምሮ ሕመም አይደለም። በሽታ አለብኝ ብሎ ከልቡ የሚፈራም አለ፤ እሱ ማንንም አያታልልም። ይህኛው ግን ምልክቱን ራሱ እንደሚፈጥረው ያውቃል። የሚፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ታማሚ መሆንን፣ መታከምን፣ «እንዴት አደርክ» መባልን ነው። ለምን እንደሚያደርገው ብዙ ጊዜ ለራሱም ግልጽ አይደለም።

ከዚያ አስተውሉ። ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞራል? የቀድሞ ሐኪሙን እንዳታነጋግሩ ይከለክላል? «ነገ ትወጣለህ» ሲባል ሕመሙ ይብስበታል? እነዚህ ጥርጣሬ ናቸው፤ ማስረጃ አይደሉም። ስማቸው እስኪታወቅ ዓመታት የሚፈጁ እውነተኛ በሽታዎች አሉና ቶሎ አትፍረዱ።

ማረጋገጡን ለሐኪም ተዉት። ለምሳሌ የአንድ ሰው ስኳር በተደጋጋሚ ወርዶ ራሱን ይስታል እንበል። ቆሽታችን የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን ሲያመርት ሲ-ፔፕታይድ የሚባል ነገር አብሮ ይለቃል። በመርፌ የሚወሰደው ኢንሱሊን ግን ሲ-ፔፕታይድ የለውም። ስለዚህ ስኳሩ ወርዶ ሳለ ደሙ ውስጥ ኢንሱሊኑ በዝቶ ሲ-ፔፕታይዱ ካነሰ፣ ኢንሱሊኑ የገባው ከውጭ ነው። እዚህ ላይ ሕመሙ የውሸት ቢሆንም አደጋው የምር ነው፤ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ቤት ውስጥ መርፌ ወይም የማታውቁት መድኃኒት ካገኛችሁ ለሐኪሙ ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩ።

ከባዱ ማነጋገሩ ነው። «ዋሽተሃል» ካላችሁት ይክዳል፤ በማግስቱ ሌላ ሆስፒታል ነው። ይልቅ «የከበደህ ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ አብሬህ ነኝ» በሉት። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ። ሕመሙን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ ድብርት ካለበት ግን እሱም ይታከማል። ሁሉንም ነገር አንድ ሐኪም ቢከታተለው ደግሞ ካላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ይድናል። አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ የታመመን መጠየቅ ግዴታ ነው። ደህና የሆነን ሰውስ ማን ይጠይቀዋል? ምንም ሳያመው ቡና አፍልታችሁ ጥሩት።

አንድ ሰው ራሱን ሳይሆን ልጅን ታማሚ የሚያደርግ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። በ1977 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ሮይ ሜዶው ሁለት ሕፃናትን ገልጾ ጻፈ። የአንዷ እናት የልጅቷን የሽንት ናሙና ታበላሽ ነበር፤ ሌላኛዋ ለልጇ ከመጠን ያለፈ ጨው ትሰጥ ነበር። ይህ በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ነው፤ ማባበልም መጠበቅም የለም። ልጁ የሚታመመው አንድ ሰው አጠገቡ ሲኖር ብቻ ከሆነ፣ ሲለዩት ደግሞ ከተሻለው፣ ያንን ሰው ለብቻችሁ አትጋፈጡ፤ ልጁን ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን አጠገቡ እንደነበረና ምን እንደበላ ጻፉ። ወረቀቱን ዛሬውኑ ለልጁ ሐኪም ስጡ።