ንግግሩን አጥፍታችሁ ለኤዲተሩ አስነብቡት

በማስተርስ ደረጃ የፊልም ጽሑፍ የምትማሩ፣ ይቺን ሞክሩ። ከዳይሬክቲንግ፣ ከካሜራና ከኤዲቲንግ ተማሪዎች ጋር በቡድን ስትሠሩ ስክሪፕታችሁ ላይ ሁሌ የሚመጣ አስተያየት አለ፦ "አሪፍ ነው፣ ግን ትንሽ ረዘመብኝ።" በዚህ ምን ይታረማል? ምንም።

ከስክሪፕቱ አንድ ትዕይንት ለብቻ ኮፒ አድርጉና ንግግሩን በሙሉ አጥፉት። የገጸ ባሕርያቱ ስምና የድርጊት መግለጫው ብቻ ይቅር። ከዚያ ለኤዲቲንግ ተማሪው ስጡትና "እዚህ ጋ ማን ምን ፈለገ? መጨረሻ ላይስ ምን ተለወጠ?" ብላችሁ ጠይቁት። ሲመልስ ዝም በሉ። ማስረዳት ከጀመራችሁ አበቃ፤ ሲኒማ ቤት ተመልካቹ አጠገብ ተቀምጣችሁ አታስረዱም።

ለምን ይሠራል? ጸሐፊ ጓደኛችሁ በአጻጻፋችሁ ውበት ሊታለል ይችላል። ኤዲተር ግን የሚያስበው በምስል ነው፤ የቱ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ምስል) ከየትኛው ጋር ይያያዛል እያለ። ንግግሩ ሲነሳ ትዕይንቱ ባዶ ከቀረ፣ ሰዎቹ ታሪኩን እያወሩት እንጂ እየኖሩት አይደለም። በተለመደው የስክሪፕት አቀራረብ 1 ገጽ በግምት 1 ደቂቃ ስለሚሆን፣ የ3 ገጽ ወሬ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላም ያኔ ይታያችኋል። ድምፅ ለሚማር ጓደኛችሁም ብትሰጡት ጥሩ ነው፤ እናንተ ያላሰባችሁትን ዝምታ ይጠቁማችኋል።

በክርክር፣ በምርመራ ወይም በቃላት ቀልድ ላይ ለቆመ ትዕይንት ግን አይሆንም። እዚያ ንግግሩ ራሱ ድርጊት ነው። የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ከሆናችሁም ቆዩ፤ ታሪኩን እናንተም ገና እየፈለጋችሁት ነው።