የሾናና የእንግሊዝኛ ቅይጥ ንግግርን ስንመረምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ኮምቢ በሚባሉት ሚኒባሶች፣ በገበያውና በየቢሮው የሚሰማው ንግግር ብዙ ጊዜ የአገሩ ቋንቋ ሾናና እንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቃል ውስጥ የተዋሐዱበት ነው። ይህን ንግግር የሚያጠና ወይም የሚተረጉም ሰው ቀድሞ የሚሳሳተው፣ ተናጋሪዎቹ የሚቀላቅሉት አንዱንም ቋንቋ በቅጡ ስለማያውቁ ነው ብሎ ሲደመድም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የዚምባብዌ የትምህርት ሕግ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጎ ስለነበር፣ በቤቱ ሾና ሲናገር ያደገ ልጅ የሂሳብና የሳይንስ ቃላትን የለመደው በእንግሊዝኛ ነው። ሾናን ጨርሶ ትቶ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚናገረውን ከተሜ ወጣት ደግሞ ሰዎች «ሙሳላድ» እያሉ ይተቹታል፤ ሳድዛን፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎን፣ በሰላጣ የለወጠ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ መቀላቀል ለብዙዎች ከሁለቱም ወገን ሳይርቁ የሚናገሩበት መንገድ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት፣ የእንግሊዝኛ ቃላትን ቆጥሮ የንግግሩን ማንነት መወሰን ነው። «ንዳካሙፎኔራ» የሚለውን አንድ ቃል ቀረብ ብለን እንየው። ትርጉሙ «ደወልኩለት» ወይም «ደወልኩላት» ነው። «ንዳ» ደዋዩ ተናጋሪው ራሱ መሆኑንና ድርጊቱ ማለፉን፣ «ካ» ካለፈ መቆየቱን፣ «ሙ» የተደወለለትን ሰው ያሳያሉ፤ «ኤር» በእኛው «ደወልኩለት» ውስጥ «ለ» የምትሠራውን ሥራ ትሠራለች፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «አ» ደግሞ የሾና ግሥ መዝጊያ ናት። ከእንግሊዝኛ የመጣችው መሐል ላይ ያለችው «ፎን» ብቻ ናት። የቋንቋ ተመራማሪዋ ካሮል ማየርስ-ስኮተን እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበችው ማብራሪያም ይህንኑ ይላል፤ አንዱ ቋንቋ የሰዋስው አጥንቱን ሲያቆም ሌላው ቃላት ያቀብላል። የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። እኛ «ቴክስት አደረግኩለት» ስንል የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ ትተን «አደረገ»ን እናረባለን፤ ሾና ግን የተዋሰውን ግሥ ራሱን ስለሚያረባ፣ በንግግሩ ውስጥ የ«አደረገ»ን አቻ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ስህተት፣ ድርብ ብዙ ቁጥርን እንደ አላዋቂነት መቁጠር ነው። «ማዴይስ አኖ» ማለት «በእነዚህ ቀናት» ማለት ሲሆን፣ «ዴይስ» በእንግሊዝኛ ቀድሞውኑ ብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ ሾና የራሱን «ማ» ይጨምርበታል። ጭማሪው ትርፍ አይደለም፤ «አኖ» የሚለው አመልካች የሚስማማው ከ«ማ» ጋር ስለሆነ፣ በሾና ሰዋስው ዘንድ የእንግሊዝኛዋ «ስ» ብቻዋን ምንም አትሠራም። ከግእዝ የመጣውን «ቃላት» ብዙ ቁጥርነቱን ዘንግተን «ቃላቶች» የምንል እኛ ይህን ለመረዳት ሊከብደን አይገባም። ቃለ ምልልስ በጽሑፍ የሚገለብጥ ሰውም «ማ»ን ወይም «ስ»ን ቆርጦ ንግግሩን «ማስተካከል» የለበትም፤ እንዲህ ቢያደርግ ማስረጃውን ያጠፋል።

ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ሁሉ ቅይጥ ንግግር ነው ማለትም ስህተት ነው። «ባዚ» ማለትም አውቶቡስ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ የገጠር አሮጊቶች ጭምር የሚሉት የሾና ቃል ሆኗል። «ቺኮሮ» ማለትም ትምህርት ቤት፣ ከውጭ የመጣ ቃል ቢሆንም ሾና የቃሉን መነሻ እንደ ራሱ «ቺ» ቅጥያ ስለቆጠረው፣ በብዙ ቁጥር «ዝቪኮሮ» ይባላል።

ዚምባብዌ ሾና ብቻ የሚነገርባት አገርም አይደለችም፤ የ2013ቱ ሕገ መንግሥት 16 ቋንቋዎችን እውቅና የሰጠ ሲሆን፣ በቡላዋዮ ከተማ ከእንግሊዝኛ ጋር የሚቀላቀለው በብዛት ንዴቤሌ ነው።

ለተርጓሚ የሚቀረው ስህተት አክብሮትን መጣል ነው። «ዋካፎና ሄሬ» እና «ማካፎና ሄሬ» በእንግሊዝኛ ሲተረጎሙ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሆናሉ፤ በሾና ግን የመጀመሪያው ለእኩያ፣ ሁለተኛው ለታላቅ ወይም ለብዙ ሰዎች የሚቀርብ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የሚተረጉም ሰው ለአያት የቀረበውን ጥያቄም «ደወልክ?» ብሎ ይጽፈዋል፤ ከሾናው በቀጥታ የሚተረጉም ግን «ማ»ን ሲያይ «ደወሉ?» ይላል።