ካርዱን አልቀበልም ያለችው ካሜራዬ

መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የተኛችውን ትንሿን ዲጂታል ካሜራዬን ሰሞኑን አወጣኋት። ባትሪዋን ቻርጅ አደረግኩ፣ ፎቶ የሚቀመጥበት አዲስ የ64 ጊጋባይት ኤስዲ (ሚሞሪ) ካርድ ከተትኩባት፣ ከፈትኳት። «የካርድ ስህተት» ብላ ቁጭ! አውጥቼ መለስኩት፣ ወርቃማ እግሮቹን በደረቅ ጨርቅ ጠራረግኩ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን የመቆለፊያ ምላስ ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተትኩ፤ ወይ ፍንክች።

ለካ ካሜራዋ ምንም አልሆነችም፤ እኔ ነኝ የማታውቀውን ያጎረስኳት። የኤስዲ ካርዶች መልካቸው አንድ ይሁን እንጂ ዘራቸው ይለያያል። ተራው ኤስዲ እስከ 2 ጊጋባይት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ይደርሳል፣ ከዚያ በላይ እስከ 2 ቴራባይት ያለው ኤስዲኤክስሲ ይባላል። አዲስ ካሜራ የድሮውን ካርድ ያነባል፣ የድሮ ካሜራ ግን አዲሱን አያውቀውም፤ የኔዋ ደግሞ የ2005 እ.ኤ.አ. ናት። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ፎርማት አድርጌ (ጠራርጌ እንደ አዲስ አዘጋጅቼ) ላታልላት ሞክሬም ነበር (አንድ ምሽት ሙሉ ባከነ)፣ አልሆነም።

መጨረሻ ላይ ከድሮ ስልኬ የ2 ጊጋ ማይክሮ ኤስዲ (ትንሿን የስልክ ካርድ) አውጥቼ በአዳፕተር፣ ማለትም በኤስዲ ካርድ መጠን በተሠራ ማቀፊያ፣ ሰካሁና እዚያው ካሜራዋ ላይ ፎርማት አደረግኩት። ወዲያው አነበበችው! 5 ሜጋፒክስል ስለሆነች አንዱ ፎቶ ቢበዛ 2 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ወደ 1000 ፎቶ ይይዝልኛል። ለኔ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ የቀረኝ ቀኑ ነበር፣ በከፈትኳት ቁጥር ወደ 2005 ትመለሳለች። ባትሪውን ሳላወጣ አንድ ቀን ተውኩላት። የውስጧ የሰዓት ባትሪ ከእሱ ሞላች መሰለኝ፣ አሁን ቀኑን አትረሳም።